ስለ ሕመምተኛ መዝገብና ስለ ኮምፒዩተሩ ቅጽ



ጤና በሳሙናና በንጹሕ ውሃ ብቻ አይጠበቅም፤ በትክክል የተጻፈ መዝገብም ሕይወትን ይጠብቃል። ፔኒሲሊን የማይስማማው ሰው ነገሩ በካርዱ ላይ ሳይጻፍ ቢቀር፣ ሊያድነው የተሰጠው መርፌ ሊገድለው ይችላል።

በአሜሪካ በማዮ ክሊኒክ ሐኪም የነበረው ሄንሪ ፕለመር እ.ኤ.አ. በ1907 ለእያንዳንዱ ሕመምተኛ አንድ ቁጥርና አንድ ማኅደር እንዲሰጠው አደረገ። የካርድ ክፍሎቻችን ሥራም በዚሁ አሳብ ይካሄዳል።

ዛሬ ግን የወረቀቱን ካርድ ኮምፒዩተር እየተካው ነው። የክሊኒክ ማስተዳደሪያው ሶፍትዌር ሲገዛ ቅጹ አብሮ ተሠርቶ ይመጣል። ይህ ቅጽ በውጭ አገር ልማድ የተዘጋጀ ከሆነ ሦስት ስሕተቶች ሊከተሉ ይችላሉ።

1ኛ/ ስም። ቅጹ የቤተሰብ ስም ይጠይቃል። እኛ ግን የምንጠራው በራሳችን፣ በአባታችንና በአያታችን ስም ነው። የአያት ስም ከቀረ የሁለት ሰዎች መዝገብ ይደባለቃል፤ የአንዱ የደም ምርመራ ውጤት ለሌላው ይነበባል።

2ኛ/ ቀን። የውጭው ዓመት 12 ወር ሲሆን የእኛ 13 ነው። በሩዋንዳ ሰፈር የምትኖር አንዲት እናት ልጅዋን ጳጉሜን 3 ቀን 2016 ዓ.ም. ወለደች እንበል። በቅጹ ጳጉሜን ስለሌለ መዝጋቢው ወሩን በግምት ይሞላል። ዓመቱንም ሳይለውጥ 2016 ብሎ ቢጽፍ፣ ኮምፒዩተሩ ሕፃኑን በ8 ዓመት ያስረጀዋል። የኩፍኝ ክትባት በ9ኛውና በ15ኛው ወር የሚሰጥ ስለሆነ የቀጠሮው ስሌት ሁሉ ይበላሻል። ትክክለኛው ቀን እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 8 ቀን 2024 ነበር።

3ኛ/ ሰዓት። የእኛ ጠዋት 2 ሰዓት በውጭው አቈጣጠር 8 ሰዓት ነው። ኮምፒዩተሩ ያተመውን 8 ሰዓት ሕመምተኛው በአገሩ ልማድ ቢያነብበው መድኃኒቱን 6 ሰዓት አዘግይቶ ይወስዳል።

ልብስ በሰው ልክ ይሰፋል እንጂ ሰው በልብስ ልክ አይቈረጥም። ስለዚህ የክሊኒክ ባለቤቶች ሶፍትዌሩን ከመግዛታቸው አስቀድሞ ቅጹ የአያትን ስም፣ ጳጉሜንንና የአገራችንን ሰዓት የሚቀበል መሆኑን ይመርምሩ። መዝጋቢውም የጻፈውን ለባለጉዳዩ መልሶ ያንብብለት፤ ሆኖም ሌላ ሰው እንዳይሰማ ድምፁን ዝቅ ያድርግ፤ የሕመምተኛ ምስጢር የተጠበቀ ነውና።

ሕመምተኛም በበኩሉ ሙሉ ስሙን እስከ አያቱ ይናገር፤ የልደቱን ቀን በየትኛው አቈጣጠር እንደሚሰጥ ይግለጽ፤ የማይስማማውን መድኃኒት ሳይጠየቅ ያስታውቅ። እናቶች የክትባት ካርድን በጥንቃቄ ያስቀምጡ፤ ኮምፒዩተሩ ቢሳሳት ማረሚያው እርሱ ነው።

መምህራን ሆይ፤ ተማሪዎቻችሁ የልደት ቀናቸውን ወደ ውጭው አቈጣጠር እንዲለውጡ አለማምዷቸው። ከመስከረም 1 እስከ ታኅሣሥ 22 ገደማ ለሚውል ቀን በዓመቱ ላይ 7፣ ከዚያ በኋላ እስከ ጳጉሜን መጨረሻ 8 ይደመራል። ይህን ያወቀ ልጅ ለታናሽ እኅቱ ወይም ለወንድሙ ክሊኒክ ውስጥ ምስክር ሊሆን ይችላል።