ያንዱ ሥርዓት ለሌላው ስድብ ነውን?

ባገራችን ክርስቲያንና ሙስሊም በለቅሶም በደስታም አይለያዩም፤ ሥጋ ሲቀርብ ግን ማዕዱ ለሁለት ይከፈላል። ክርስቲያኑ ሲያርድ በሥላሴ ስም ይባርካል፤ ሙስሊሙ «ቢስሚላህ፥ አላሁ አክበር» ይላል። አንዱም በሌላው ጸሎት የታረደውን አይቀምስም። በልኳንዳ ቤት በር ላይ መስቀል ወይም ጨረቃ ተስሎ የምናየው ስለዚህ ነው። እኛ ተማሪዎች ከልዩ ልዩ አውራጃ መጥተን ባንድ መኝታ ቤት ስንኖር ይህ ነገር ይገጥመናል። የጎረሰልንን እጅ ባልንጀራችን ሲመልሰው «ንቆኝ ይሆን?» ብለን እናዝናለን። ኀዘናችን ተገቢ ነውን?

አስቀድመን መጻሕፍቱን እንመልከት። ሐዋርያው ጳውሎስ በመጀመሪያዪቱ የቆሮንቶስ መልእክት ምዕራፍ 8 ለጣዖት የተሠዋውን ሥጋ ነገር ሲያነሣ ይበልጥ የሚያሳስበው የደካማው ወንድም ሕሊና ነው። ቁርኣንም በ5ኛው ምዕራፍ መጽሐፍ የተሰጣቸው ሰዎች ምግብ ለሙስሊም የተፈቀደ መሆኑን ይናገራል። ያገራችን ልማድ ግን ከዚህ ይጠብቃል። ምክንያቱም በኛ ዘንድ ሥጋ የሃይማኖት ምልክት ሆኗል፤ የሌላውን ሥጋ መብላት ሃይማኖትን እንደ መለወጥ ይቆጠራል። እንግዲህ «አልበላም» የሚል ሰው ስለ ራሱ እምነት መመስከሩ ነው እንጂ በኛ ላይ መፍረዱ አይደለም።

በዚህ ረገድ ወሎ መምህራችን ይሁን። በዚያ ባንድ ቤተሰብ ውስጥ ክርስቲያንም ሙስሊምም ይገኛል። ድግስ ሲሆን ባለቤቱ ለሌላው ወገን እንግዶች ለብቻ ከብት ያቀርባል፤ ከነሱው ሰው ጠርቶ ያሳርዳል፤ ድስቱንና ሳሕኑንም ይለያል። ልዩነቱን አልደበቀም፤ ነገር ግን በገዛ ቤቱ ለልዩነቱ ስፍራ ሰጠው። ከዚህ የሚበልጥ ምን አክብሮት አለ?

አንዳንዶች «ሃይማኖት የግል ነው» በማለት ብቻ ነገሩን ይዘጉታል። ይህ አባባል መልካም ቢሆንም አይበቃም፤ ሥርዓት በልብ ተሸሽጎ የሚቀር ሳይሆን በገበታ ላይ የሚታይ ነውና። ስድብ የሚሆነው በሌላው ሥርዓት ሲፌዝበት፥ ሥጋውን ሳይነግሩ አታለው ሲያበሉት፥ ወይም «ካልበላህ ወዳጄ አይደለህም» ብለው ሲያስጨንቁት ነው። ደግሞም የማይበላው ወገን የባልንጀራውን ምግብ እንደ ርኩስ ቆጥሮ ፊቱን ቢያጨማድድ እሱም ከወቀሳ አያመልጥም። እምቢታም ወግ አለው።

ስለዚህ ለበዓል ወይም ለምረቃ ግብዣ ገንዘብ ስናዋጣ አስቀድመን እንጠያየቅ። ከተቻለ ለሁለቱም ወገን ይታረድ፤ ካልተቻለም ሽሮውና ምስሩ የማንም ሃይማኖት አይደለምና ሁላችንም ባንድ መሶብ ዙሪያ እንቀመጥ።