ሳቢሳ ዓሣ እንዴት ታጠምዳለች?

ሳቢሳን የማያውቅ ገበሬ የለም። ነጯ ሳቢሳ ከብቶቻችን በሚግጡበት መስክ አትጠፋም። ከብቶቹ ሲራመዱ ከሣሩ ውስጥ ፌንጣ ይነሣል፤ እሷም ለቀም ታደርጋለች። የዚህችስ ነገር ግልጽ ነው። በኩሬና በሐይቅ ዳር የሚኖሩት ዘመዶቿ ግን አንዳንዴ ግራ የሚያጋባ ሥራ ሲሠሩ እናያለን። "ምን ነክቷት ይሆን?" እንላለን። እስቲ አንድ በአንድ እንመልከታቸው።

ግራጫዋ ትልቅ ሳቢሳ ውኃ ውስጥ ቆማ ለረጅም ጊዜ አትነቃነቅም። ያንቀላፋች ትመስላለች፤ ነገር ግን አላንቀላፋችም። ዓሣ የሚንቀሳቀስ ነገር ካየ ይሸሻል። ስለዚህ እንደ ጉቶ ቆማ ታደባለች። ዓሣው ሲቀርብ የታጠፈ አንገቷን በድንገት ትወነጭፋለች።

ሌላዋ ትንሽ ነጭ ሳቢሳ ናት። እግሯ ጥቁር፣ የእግሯ ጣቶች ቢጫ ናቸው። አንድ እግሯን ውኃ ውስጥ ታርገበግባለች። ብርድ የያዛት ይመስላል። ዳሩ ግን በጭቃውና በሣሩ ውስጥ የተደበቁትን ትንንሽ ዓሦች እየቀሰቀሰች ነው። ሲወጡ ትይዛቸዋለች።

ጥቁሯ ሳቢሳ ደግሞ ከሁሉም ታስገርማለች። ጥልቀት በሌለው ውኃ ጥቂት ትራመድና ሁለት ክንፎቿን ወደ ፊት ዘርግታ ትገጥማለች። ራሷንም ከሥር ታስገባለች። ጃንጥላ የዘረጋች ይመስላል። ወዲያው ትከፍተውና ሌላ ቦታ ሄዳ ትደግመዋለች። ለምን ይሆን? አዋቂዎች ሁለት ምክንያት ይሰጣሉ። አንደኛ፣ ውኃ በፀሐይ ያብረቀርቃል፤ ጥላ ሲያርፍበት ግን ውስጡ ይታያል። ሁለተኛ፣ ትንንሽ ዓሦች ጥላውን መጠለያ መስሏቸው ይጠጋሉ።

ጀርባዋ ወደ አረንጓዴ የሚያደላ ትንሽ ሳቢሳም አለች። ከዚህች ወገን አንዳንዶቹ እንደ ሰው በማባበያ ያጠምዳሉ። ዝንብ፣ ቁራሽ ዳቦ፣ ቅጠል ወይም ላባ በምንቃራቸው አምጥተው ውኃ ላይ ይጥላሉ። ዓሣው ምግብ መስሎት ሲመጣ ይይዙታል። ጃፓን አገር በኩማሞቶ ከተማ ይህ ነገር ተጠንቶ፣ በፈረንጅ አቆጣጠር በ1986 ዓ.ም. ጽሑፍ ወጥቶበታል። ያደጉት ሳቢሳዎች ከወጣቶቹ ይልቅ ይቀናቸው ነበር። ወጣቶቹ ከልክ ያለፈ ትልቅ እንጨት ይጥሉ ነበርና። ሳቢሳም ብትሆን ሙያዋ በጊዜ ይሻሻላል ማለት ነው።

አንዳንዶቻችን "ዓሣችንን የምትጨርሰው ሳቢሳ ናት" እያልን በድንጋይ እናባርራታለን። እውነት ነው፣ በጓሮ ኩሬ ዓሣ የሚያረባ ሰው ልትጎዳው ትችላለች። እሱም በኩሬው ላይ መረብ ቢዘረጋ ዓሣውን ያድናል፤ ወፏንም መግደል አያስፈልገውም።

በወንዝና በሐይቅ ግን ነገሩ ሌላ ነው። ሳቢሳ የምትይዘው አንድ በአንድ ነው፤ ሆዷ ከሞላም ይበቃታል። እኛስ? በጣና አካባቢ የብርብራ ፍሬ ወቅጦ ውኃ ውስጥ መጨመር የቆየ ልማድ ነው። ብርብራ ዓሣውን ትንፋሽ ያሳጣዋል። ትልቁን ከትንሹ፣ እንቁላል የያዘውን ካልያዘው አይለይም። በክረምት ብዙ የጣና ዓሦች ለመራባት እንደ ጉማራና ርብ ወዳሉት ወንዞች ይወጣሉ። በዚያ ጊዜ ወንዙን በብርብራ መመረዝ ዘር እህልን ቆልቶ እንደ መብላት ነው። ለከርሞ ምን ይዘራል?

እንግዲህ ሞኝ መስላ የምትታየን ወፍ ለሥራዋ ሁሉ ምክንያት አላት። ከመፍረዳችን በፊት ቆም ብለን እንመልከት፤ "ለምን?" ብለንም እንጠይቅ። የእኛንም አጠማመድ እንዲሁ እንመርምር።

ጥያቄዎች
1. ጥቁሯ ሳቢሳ ክንፎቿን እንደ ጃንጥላ የምትዘረጋው ለምንድን ነው?
2. በብርብራ ማጥመድ ከሳቢሳ አጠማመድ በምን ይለያል?
3. በአካባቢያችሁ ውኃ ዳር ሳቢሳ ስትሠራ ያያችሁትን ጽፋችሁ ለጓደኞቻችሁ አንብቡ።