የሚጠይቅዎትን ይምረጡ

ምዕራፍ 7፦ በደሴት ዕረፍት የዳይቪንግ ድርጅት አመራረጥ

በዛንዚባር ሰሜናዊ ጫፍ፣ በኑንግዊ የባሕር ዳርቻ፣ ፎጣዎን አንጥፈው ጎንዎን ሳያሳርፉ አንድ ወጣት አጠገብዎ ቁጢጥ ይላል። በላስቲክ የተለበጠ የባሕር ኤሊ ፎቶ ያሳይዎታል። ነገ ጠዋት ጀልባ እንዳለ፣ ሌላው ከሚያስከፍለው በግማሽ ዋጋ እንደሚወስድዎት፣ ምሳም እንደሚጨምርልዎት ይነግርዎታል። የአገሬው ሰው እንዲህ ያሉትን ደላሎች «ፓፓሲ» ይላቸዋል፤ በስዋሂሊ መዥገር ማለት ነው። ልጁ ክፉ ላይሆን ይችላል፤ እንጀራው ነው። ግን አንድ ነገር ልብ ይበሉ። ያን ሁሉ ሲያወራ ስለ እርስዎ ምንም አልጠየቀም። ዋና ይችሉ እንደሆነ፣ አስም እንዳለብዎት፣ ወደ አገርዎ የሚበሩት መቼ እንደሆነ አያውቅም። ያወቀው ኪስዎን ብቻ ነው።

የዚህ ምዕራፍ ምክር ከዚህ ይነሳል፦ የሚጠይቅዎትን ይምረጡ። መልስ ማሳመር ለማንም አይከብድም። ተገቢውን ጥያቄ የሚያነሳ ግን ባሕር በሰው ላይ ምን እንደሚያደርግ ያወቀ ነው።

ባሕር በሰው ላይ ምን ያደርጋል?

በባሕር ጠለል ላይ ቆመን የምንሸከመው የአየር ግፊት አንድ አትሞስፌር ነው። 10 ሜትር ሲጠልቁ ሁለት፣ 20 ሜትር ላይ ሦስት ይሆናል። በዚህ ግፊት፣ ከሲሊንደሩ ከሚተነፍሱት አየር ውስጥ ናይትሮጅኑ ወደ ደምና ወደ ሥጋ ሰርጎ ይሟሟል። ጥልቀቱ በጨመረ፣ ቆይታውም በረዘመ ቁጥር የሚሟሟው ይበዛል።

የአምቦ ውሃ ጠርሙስን ያስቡ። ቆርኪው እስካለ ድረስ ጋዙ አይታይም። ድንገት ሲከፈት ግን አረፋው ገንፍሎ ይወጣል። ጠላቂም ከጥልቀት ተቻኩሎ ከወጣ ናይትሮጅኑ በሰውነቱ ውስጥ አረፋ ይሠራል፤ መገጣጠሚያን ያሳምማል፣ ከከፋም ነርቭን ይጎዳል። በደቂቃ ከ9 ሜትር ባልበለጠ ፍጥነት መውጣት፣ 5 ሜትር ላይም 3 ደቂቃ ያህል ቆም ማለት የሚመከረው ለዚህ ነው። ከሁሉ የሚቀድመው ሕግ ደግሞ ትንፋሽን አለመያዝ ነው። 10 ሜትር ላይ ሳንባን የሞላ አየር ወደ ላይ ሲመጣ እጥፍ ቦታ ይፈልጋልና።

ይህን ያወቀ ሰው ስለ እርስዎ ሳይጠይቅ ውሃ ውስጥ ሊያስገባዎት አይደፍርም።

ከቤትዎ ሳይወጡ

ለሁለት ወይም ለሦስት ድርጅቶች አጭር መልእክት ይላኩ። መቼ እንደሚመጡና ስንት ሰው እንደሆናችሁ ብቻ ይንገሯቸው። ከዚያ የሚመጣውን መልስ ያንብቡ። የዋጋ ዝርዝር ብቻ የላከ አንድ ነገር ነግሮዎታል። ሌላው ግን እንዲህ ሲል ይጠይቃል፦ ሰርተፍኬት አለዎት? ስንት ጊዜ ጠልቀዋል? ለመጨረሻ ጊዜ የጠለቁትስ መቼ ነው? የሚወስዱት መድኃኒት አለ? የመመለሻ በረራዎ በስንት ሰዓት ነው?

እያንዳንዱ ጥያቄ ምክንያት አለው። ኦፕን ወተር የሚባለው የመጀመሪያው ሰርተፍኬት እስከ 18 ሜትር፣ ቀጣዩ አድቫንስድ እስከ 30 ሜትር ያስኬዳል። ለመዝናኛ የሚጠለቅበት የመጨረሻው ድንበር 40 ሜትር ነው። ሰርተፍኬቱን ይዘው ሦስት ዓመት ውሃ ካልነኩ ጥሩ ድርጅት መጀመሪያ በገንዳ ወይም ጥልቀት በሌለው ባሕር ክለሳ ያስደርግዎታል። ክፍያውን እንደ ብዝበዛ አይዩት።

ሰርተፍኬት ለሌለው ሰው የሙከራ መጥለቅ አለ። ከአሰልጣኝ ጋር ሆኖ ከ12 ሜትር አያልፍም። ፓዲ በሚባለው የጠላቂ አሠልጣኝ ተቋም ደንብ በባሕር ላይ አንድ አሰልጣኝ ከአራት ጀማሪ በላይ መያዝ የለበትም፤ ሁለት ብቻ ብትሆኑ ደግሞ የተሻለ ነው። ብዙዎቻችን ከባሕር ርቀን ያደግን፣ ዋናን በትልቅነታችን የተማርን ወይም ጭራሹን ያልተማርን ሰዎች ነን። ይህን በግልጽ መናገር አያሳፍርም። «ዋና ባይችሉም ችግር የለም፣ እኔ እይዝዎታለሁ» ብሎ በሳቅ የሚያልፍዎትን ግን ይጠርጥሩ። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይባል የለ!

ስለ ጤና የሚሞላ ቅጽም አለ። አስም፣ የልብ ሕመም፣ የጆሮ ቀዶ ሕክምና፣ እርግዝና እያለ ይጠይቃል። «ሁሉም ላይ የለም ብለው ይፈርሙ፤ አለበለዚያ ሐኪም ጋ ያመላልሱዎታል» ካሉዎት፣ ፊርማዎ የሚጠብቀው እነሱን እንጂ እርስዎን አለመሆኑን ይወቁ። የሚያጠራጥር ነገር ካለ እዚሁ አገርዎ ሐኪም ያማክሩ። ጉንፋን ብቻውን እንኳ ጆሮን ዘግቶ ግፊቱን ማስተካከል ይከለክላል።

የአዲስ አበባ ሰው ልዩ ሒሳብ

የበረራውን ጥያቄ ለብቻው ማየት ያስፈልጋል። ምክንያቱም እኛን ከሌላው ቱሪስት ይለየናል።

ዳን በሚል አጭር ስም የሚታወቀው፣ እ.ኤ.አ. በ1980 የተመሠረተው የጠላቂዎች ደኅንነት ተቋም አንድ ጊዜ ብቻ የጠለቀ ሰው ቢያንስ 12 ሰዓት፣ ደጋግሞ ወይም ለተከታታይ ቀናት የጠለቀ ሰው ደግሞ ቢያንስ 18 ሰዓት ሳይበር እንዲቆይ ይመክራል። በአውሮፕላን ውስጥ ያለው አየር እስከ 2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ እንዳለው አየር ሊሳሳ ይችላል። በሰውነት ውስጥ የቀረው ናይትሮጅን ያኔ አረፋ የመሥራት ዕድል ያገኛል።

ዱባይ ወይም ለንደን የሚወርድ መንገደኛ አውሮፕላኑ ሲያርፍ የባሕር ጠለል ግፊት ይመለስለታል። አዲስ አበባ ግን 2,350 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ናት። ቦሌ ሲደርሱ የአውሮፕላኑ በር ቢከፈትም ግፊቱ አይመለስም። ቤትዎ ገብተው፣ ቡና ጠጥተው፣ አልጋዎ ላይ ሲወጡም አየሩ እንደሳሳ ነው። ስለዚህ የእኛ ሰው ለመጨረሻ ጊዜ ከጠለቀ በኋላ ሙሉ 24 ሰዓት ቢያሳልፍ ይመረጣል። የደሴቱ አሰልጣኝ የከተማችንን ከፍታ ላያውቅ ይችላል፤ ይንገሩት። ሰምቶ መርሐ ግብሩን የሚያስተካክል ከሆነ ሰውዎን አግኝተዋል። ለመጨረሻው ቀን የድንጋዩን ከተማ ስቶን ታውንን፣ የቅመም እርሻዎቹን ወይም የጆዛኒን ደን ያቆዩ። ደን ውስጥ ጦጣ ማየት አረፋ አያመጣም።

ግቢው ውስጥ ዓይንዎን ይጣሉ

ከመክፈልዎ በፊት በእግርዎ ይሂዱ። ግድግዳው ላይ የተለጠፈው ዓርማ መነሻ እንጂ ማስረጃ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1966 የተመሠረተው ፓዲም ሆነ በ1970 የተመሠረተው ኤስኤስአይ የሚያሠለጥኗቸውን ባለሙያዎች በቁጥር ይመዘግባሉ። የአሰልጣኙን ቁጥር ጠይቀው በተቋሙ ድረ ገጽ ማረጋገጥ ይችላሉ። ጥያቄዎ ያስቆጣው አሰልጣኝ ካለ፣ መልሱን አግኝተዋል።

ቀጥሎ ዕቃውን ይመልከቱ። የመጥለቂያ ልብሱ (ዌትሱቱ) በንጹሕ ውሃ ታጥቦ ጥላ ሥር ተሰቅሏል? መተንፈሻው አፍ ላይ የሚነከሰው ጎማ ተቀዷል? ለጓደኛ የሚሰጠው ሁለተኛው መተንፈሻ አለ? የአየር መለኪያው ይሠራል? ሲሊንደሩ አንገት ላይ መቼ እንደተፈተሸ የሚያሳይ ማኅተም ተመቷል። ዝገትና ጭረት የበዛበትን፣ ቀኑም የማይነበበውን አይቀበሉ።

ከሁሉ በላይ ሲሊንደር የሚሞላውን ኮምፕሬሰር ይፈልጉ። አየር የሚስብበት ቱቦ ከጄነሬተር ወይም ከመኪና ጭስ አጠገብ ከሆነ ካርቦን ሞኖክሳይድ አብሮ ሊገባ ይችላል። ይህ ጋዝ ሽታም ቀለምም የለውም። 20 ሜትር ላይ ግፊቱ ሦስት እጥፍ ስለሚሆን፣ ላይ ሆነው የማይሰማዎት መጠን ታች ራስ ሊያስት ይችላል። ሽታ ያለው አየር ከቀመሱ ደግሞ፣ ዘይት ይሁን ጭስ፣ አይጥለቁ።

ጀልባው ላይ

ጀልባው ላይ ሦስት ነገር ይፈልጉ፦ የኦክስጅን ሲሊንደር፣ የሚሠራ ሬዲዮ፣ ሁሉም ሲጠልቅ ከላይ የሚቀር ካፒቴን። አረፋ የያዘው ሰው የመጀመሪያ ዕርዳታው ንጹሕ ኦክስጅን ነው። ኦክስጅኑን «አለ» ሲሉዎት «እስቲ አሳዩኝ» ይበሉ። የግፊት ሕክምና የሚሰጠው ክፍል የት እንደሆነና እዚያ ለመድረስ ስንት ሰዓት እንደሚፈጅም ይጠይቁ። የጉዞ መድንዎ ዳይቪንግን መሸፈኑን አስቀድመው ያንብቡ፤ ብዙዎቹ አይሸፍኑም ወይም በጥልቀት ይገድባሉ።

ከዚህ ሌላ ጀልባው ላይ የስም ጥሪ መኖር አለበት፤ ለምን እንደሆነ አንድ ታሪክ ያስረዳልኛል። እ.ኤ.አ. በጥር 1998 በአውስትራሊያ ታላቁ ባሪየር ሪፍ አንድ ጀልባ ጠላቂዎቹን ይዞ ወደ ወደብ ተመለሰ። ሁለት አሜሪካውያን ባልና ሚስት ባሕሩ ውስጥ ቀርተው ነበር። ቆጠራው ተሳስቷል። መጥፋታቸው የታወቀው ከሁለት ቀን በኋላ፣ ጀልባው ላይ የቀረ ሻንጣቸው ሲገኝ ነው። ሰዎቹ ግን አልተገኙም። እዚያ የጎደለው ውድ መሣሪያ አልነበረም። በየስሙ ጠርቶ «አለሁ» የሚል ድምፅ የሚጠብቅ አንድ ሰው ነበር።

ዋጋና እምቢታ

ዋጋ ሲያወዳድሩ ምን እንደተካተተ ይጠይቁ፤ የዕቃ ኪራይ፣ የባሕር ጥበቃ ክፍያ፣ ምሳ፣ ከሆቴል መመላለሻ። በጣም የረከሰው ብዙ ጊዜ ከአንዱ ላይ ቆርጦ ነው፤ ከአሰልጣኞቹ ብዛት፣ ከዕቃ ጥገናው ወይም ከጀልባው ነዳጅ።

ከዋጋው ይልቅ «አይሆንም» ማለት መቻላቸውን ይፈትሹ። የዛንዚባር ነፋስ እንደ ወቅቱ ይቀያየራል። ከታኅሣሥ እስከ መጋቢት አካባቢ ከሰሜን ምሥራቅ ካስካዚ፣ በዓመቱ አጋማሽ ደግሞ ከደቡብ ኩሲ ይነፍሳል። ምኔምባ ደሴት ዙሪያ ያለው ኮራል ለጀማሪ የሚመቹ ጸጥ ያሉ ቦታዎች አሉት፤ ጠንካራ ጅረት ያለበት ግድግዳም አለው። ከኑንግዊ ወደ ሰሜን ያለው ሌቨን ባንክ ደግሞ ልምድ ላለው ብቻ ነው። ትናንት ሰርተፍኬት ያገኘ ሰው «ሌቨን ባንክ ውሰዱኝ» ሲል ጥሩ ድርጅት ገንዘቡን ትቶ እምቢ ይላል። ባሕሩ ሲቆጣም ጉዞውን ሰርዞ ክፍያዎን ይመልሳል ወይም ሌላ ቀን ይሰጥዎታል። መልሕቁን ኮራል ላይ የሚጥል፣ ኤሊን አስይዞ ፎቶ የሚያነሳ ግን ለእርስዎም እንደማይጠነቀቅ አስቀድሞ ነገረዎት።

በኪስዎ ይያዙ

• ስለ ልምዴ፣ ስለ ጤናዬና ስለ በረራዬ ጠየቁኝ?
• አንድ አሰልጣኝ ስንት ሰው ይዞ ይወርዳል?
• ዕቃውን፣ ማኅተሙንና ኮምፕሬሰሩን አየሁ?
• ኦክስጅኑን በዓይኔ አየሁ?
• ቢያንስ 50 ባር አየር ይዤ እንድመለስ፣ ከጓደኛዬ ብጠፋም ምን እንደማደርግ ነገሩኝ?
• ከመነሳታችን በፊትና ከወጣን በኋላ ስም ይጠራሉ?

ይህን ሁሉ ካለፉ በኋላ፣ ኤሊው ከጎንዎ ሲቀዝፍ አይተው፣ ደክሞዎትና ደስ ብሎዎት ጀልባው ላይ ይቀመጣሉ። ሞተሩ ሳይነሳ አንዱ ወረቀት ይዞ ይቆምና ስም መጥራት ይጀምራል። ጨዋማ ፀጉርዎን እየጨመቁ የእርስዎን ተራ ይጠብቁ። ሲደርስ ጮክ ብለው «አቤት» ይበሉ።