የታክሲው ዘፈንና የልጆቻችን ጆሮ

(ለትምህርተ ክርስቶስ መምህራንና ለወላጆች)



«ንፋስ ስልክ» የሚለው የአካባቢያችን ስም ያለ ሽቦ በአየር ተጉዞ የሚደርሰውን ድምፅ ያስታውሳል። ዛሬ በንፋስ ስልክ ላፍቶ ክፍለ ከተማ የሚያድግ ሕፃን እንዲህ ያለውን ድምፅ ከጠዋት እስከ ማታ ይሰማል። ከጀሞ ወደ ሜክሲኮ በሚጓዘው ሚኒባስ ታክሲ፣ በሳሪስ ሱቆች ደጃፍ፣ በመካኒሳ ምግብ ቤቶች፣ በቤቱም ከታላቅ እኅቱ ስልክ ዘፈን ይደርሰዋል። ልጁ ዘፈኑን አልመረጠውም፤ ነገር ግን ሳምንት ሳይሞላው በቃሉ ይዞት ይገኛል።

ለዚህ ጉዳይ ብዙዎቻችን ወላጆችና መምህራን የምንሰጠው መልስ «አትስማ» የሚል ብቻ ነበር። እኛም ለረጅም ጊዜ ይህንኑ ስንል ኖረናል። ይሁን እንጂ ክልከላችን የታክሲውን ድምፅ ማጉያ አይዘጋውም። ከዚህም በላይ የተከለከለው ልጅ ዘፈኑን መስማቱን አይተውም፤ የሚተወው ስለ ዘፈኑ ከእኛ ጋር መነጋገሩን ነው። ስለሆነም በዚህ ጽሑፍ የአንደኛ ደረጃ ተማሪዎች፣ በተለይም ከ4ኛ እስከ 6ኛ ክፍል ያሉት፣ የሚሰሙትን የዘመኑን ዘፈን እንዴት ሊመረምሩ እንደሚችሉ፣ በቅዳሜ የትምህርተ ክርስቶስ ክፍላችን ከሞከርነው በመነሣት እንመለከታለን።

ነገሩ ለቤተ ክርስቲያን እንግዳ አይደለም። ሁለተኛው የቫቲካን ጉባኤ እ.ኤ.አ. በ1963 ስለ ማኅበራዊ መገናኛዎች ባወጣው ድንጋጌ፣ ሰሚዎችና ተመልካቾች፣ ይልቁንም ወጣቶች፣ በእነዚህ መሣሪያዎች በልክና በማስተዋል መጠቀምን እንዲለምዱ አሳስቧል። እ.ኤ.አ. በ1971 የወጣው «ኮሙኒዮ ኤት ፕሮግሬሲዮ» የተባለው መመሪያ ደግሞ የሕፃናትን የሥነ ጥበብ ጣዕም፣ የመመርመር ችሎታና የኃላፊነት ስሜት ለማነጽ «ገና ናቸው» የሚባልበት ዕድሜ እንደሌለ ያስተምራል። ቅዱስ ጳውሎስም ለተሰሎንቄ ሰዎች በላከው የመጀመሪያ መልእክቱ (5፡21) ሁሉን መርምረው መልካሙን እንዲይዙ ሲመክር፣ መመርመሩን ከመያዙ አስቀድሞታል።

አስቀድመን የሠራነውን ስሕተት መናገር ይገባናል። የመጀመሪያውን ትምህርት የጀመርነው በወጣትነታችን በካሴት እንሰማቸው ከነበሩት የትዝታ ዘፈኖች አንዱን በማሰማት ነበር። «ይህ ዜማ አለው፤ የእናንተው ግን ጩኸት ነው» አልናቸው። ልጆቹ ዝም አሉ። ከዚያም በኋላ የጠየቅናቸውን ሁሉ እኛ ልንሰማው እንደምንፈልገው አድርገው መለሱልን። እነርሱ አልተማሩም፤ እኛም አልተማርንም። በሚቀጥለው ቅዳሜ ግን ዘፈኑን ራሳቸው እንዲያመጡ ፈቀድን። (እርግጥ አስቀድመን ሙሉውን ሰምተን ለሕፃን የማይገባ ቃል ያለበትን አስቀርተናል፤ ለወላጆቻቸውም አስታውቀናል።) ያን ጊዜ የገረመን፣ አብዛኞቹ የሚያውቁት ዘፈኑን ሳይሆን በቲክቶክ የሚዘዋወረውን የጥቂት ሰከንድ ቁራጭ መሆኑ ነው። ከመነሻው እስከ መድረሻው ሰምተውት አያውቁም። «ለካ ታሪክ አለው!» ያለን ልጅ ነበር።

ምርመራው የሚጀምረው ከጆሮ ነው። ለጊዜው ቃሉን ትተን ድምፁን ብቻ እናዳምጣለን። ክራር ወይም ማሲንቆ ይሰማል? ወይስ ሁሉም በኮምፒዩተር የተሠራ ነው? የዘፋኙ ድምፅ በመሣሪያ ተለውጧል? ምቱን በጭብጨባ እንፈልገዋለን፤ በ6/8 የሚሄደው የሀገራችን ችክችካ ከባለ 4 ምቱ ሲለይ ልጆቹ በመዳፋቸው ያውቁታል። ቅኝቱን መለየት ከበድ ይላል። ሆኖም ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰልና አንቺሆዬ የተባሉት አራቱ ቅኝቶች እያንዳንዳቸው በ5 ድምፆች የተዋቀሩ መሆናቸውን አስረድተን፣ የትዝታን 5 ድምፆች በክራር ደጋግመን ብናሰማቸው፣ በአዲሱ ዘፈን ውስጥ ያንኑ የቆየ መንገድ የሚያገኙ አሉ። በእኛ ክፍል ያገኘው በሌላው ትምህርት ደካማ የሚባል ልጅ ነበር። እኛ «ጩኸት» ያልነው ዘፈን በትዝታ ቅኝት የተሠራ ሆኖ ተገኘ።

ቀጥሎ ቃሉ ነው። ግጥሙን በጥቁር ሰሌዳ ላይ ጽፈን፣ የሚናገረው ማን እንደሆነና ለማን እንደሚናገር እንጠይቃለን። እዚህ ላይ የሰምና ወርቅን ነገር ማንሣት ይቻላል፤ የአዝማሪዎቻችን ጥበብ እስከ ዛሬው ዘፈን ድረስ ዘልቋልና። ለሕፃናት ከባድ ነው የሚሉ ይኖራሉ፤ ነገር ግን ታክሲ ተሳፋሪ የሆነ የአዲስ አበባ ልጅ «ተራ» የሚለው ቃል በሰልፍ ላይ አንድ፣ ስለ ሰው ሲነገር ሌላ እንደሆነ ያለ አስተማሪ ያውቃል። ከዚያ ወደ ወርቁ የሚወስደው መንገድ አጭር ነው።

ከጥያቄዎቹ ሁሉ ፍሬ የሰጠን ግን እኛ ያላሰብነው ነበር። አንድ ቀን የፍቅር ዘፈን አመጡ፤ ወንዱ ልጅቷን ይከተላል፣ ደጇ ላይ ይቆማል፣ እስክትወድደው እንደማይሄድ ይነግራታል። ወንዶቹ ይስቃሉ። አንዲት የ5ኛ ክፍል ተማሪ እጇን አውጥታ «እሷ ግን ምንም አላለችም» አለች። «ምን ማለትሽ ነው?» ብንላት፣ «እምቢ ብላው ይሆናል፤ ዘፈኑ አይነግረንም» ብላ መለሰች። ከዚያን ቀን ወዲህ «በዚህ ዘፈን ውስጥ ዝም ያለው ማን ነው?» የሚለው ጥያቄ የዘወትር ጥያቄያችን ሆነ። ልጅቷ ብትመልስ ምን እንደምትል ሁሉም በአራት መስመር እንዲጽፉ ስናዝዛቸው፣ ቀደም ሲል ይስቅ ከነበሩት ወንዶች አንዱ የጻፈው «ወደ ቤቴ ልግባ» የሚል ብቻ ነበር። ስለ ሴት ልጅ ክብር ብዙ ጊዜ አስተምረናል፤ እንደዚህ የተሰማንበት ቀን መኖሩን ግን እንጠራጠራለን።

ሌላው ጥያቄ ዘፈኑ ሰሚውን ምን እንዲሆንለት እንደሚፈልግ የሚመለከት ነው። ለዚህ ሁለት የታወቁ ሥራዎችን አነጻጸርን፤ ሁለቱም ስለ 1888 ዓ.ም. የዓድዋ ድል ናቸው። የእጅጋየሁ ሽባባው (ጂጂ) «ዓድዋ» በረጋ ዜማ ሕይወታቸውን የሰጡትን በምስጋና ያስባል። በ2004 ዓ.ም. የወጣው የቴዎድሮስ ካሣሁን (ቴዲ አፍሮ) «ጥቁር ሰው» ደግሞ ዳግማዊ አፄ ምኒልክን የሚያወድስ፣ የፉከራና የዘመቻ ስሜት ያለው ነው። ልጆቹ በመጀመሪያው ጊዜ ዝም ብለው ተቀመጡ፤ በሁለተኛው ብዙዎቹ ተነሡ። «ለምን ተነሣችሁ?» ብለን ጠየቅናቸው። «እግሬ ነው የተነሣው» አለ አንዱ። ይህ መልስ እንደ ቀልድ የሚታለፍ አይደለም። በሀገራችን ሰሜን ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. በተካሄደው ጦርነት ጊዜ ሕፃናት በየሰፈሩ የጦርነት ዘፈን እየዘፈኑ ሲጫወቱ ሰምተናል፤ ማን ማንን እንደሚወጋ ግን አያውቁም ነበር። ዘፈን ከልብ በፊት እግርን ሊያስነሣ እንደሚችል በ11 ዓመቱ ያስተዋለ ልጅ፣ በ20 ዓመቱ «ማን ነው የሚያስነሣኝ?» ብሎ ለመጠየቅ ይቀርባል ብለን ተስፋ እናደርጋለን። ፉከራውን ለማንቋሸሽ አይደለም፤ ዓድዋ የሁላችንም ኩራት ነው።

ልጆቹ በኦሮምኛ ወይም በጉራግኛ የተዘፈነ ሲያመጡ፣ ቋንቋውን የማናውቀው እኛ ተማሪ እንሆናለን፤ ቋንቋው የቤቱ የሆነው ልጅ በሰሌዳው ፊት ቆሞ ይተረጉማል። ቀድሞ በቋንቋው ያፍር የነበረ ልጅ ሲያስተምር ማየት ለብቻው የአንድ ቅዳሜ ድካም ዋጋ ነው።

ወደ ማብቂያው ላይ አንድ ልጅ «መዝሙርንስ እንዲህ መጠየቅ ይቻላል?» አለን። ጥቂት ካመነታን በኋላ «ይቻላል» አልን። ስለ ቅዱስ ያሬድ፣ ስለ ግዕዝ፣ ዕዝልና አራራይ ዜማዎች አስረድተን፣ ልጆቹ ራሳቸው በየእሑዱ በቅዳሴ የሚዘምሩትን አንድ የግእዝ መዝሙር በሰሌዳው ላይ ጻፍን። «የሚናገረው ማን ነው? ለማንስ ነው?» ብለን ጠየቅን። ሁሉም በቃላቸው ይዘውታል፤ ድምፃቸውም ያማረ ነው። የመለሰ ግን አልነበረም፤ ቃሉን ተርጉመን ነግረናቸው አናውቅምና። ለሚቀጥለው ቅዳሜ አንድ የግእዝ መምህር ጋብዘናል፤ ወላጆችም ከልጆቻቸው ጋር እንዲገኙ እንለምናለን።