የአሮጌውን ላንድ ክሩዘር ፒክአፕ መሪ በዘይት ኀይል እንዲታገዝ ስለ ማድረግ

ለዞንና ለወረዳ ሹማምንት፤ ለእርሻ ባለቤቶችም የቀረበ ትምህርት

የእርሻ ሥራ በዘርና በበሬ ብቻ የሚፈጸም አይደለም። ዘሩና ማዳበሪያው ዝናሙ ሳያልፍ ከባላገሩ ደጅ እንዲደርስ፤ የከብት ሐኪሙም በሽታው ሳይሰፋ ከመንደሩ እንዲገባ የሚያደርገው መኪና ነው። ስለዚህ መኪናን በደንብ መያዝ ከእርሻ ትምህርት እንደ አንዱ ክፍል ሊቈጠር ይገባል።

የቶዮታ ፋብሪካ በአውሮፓ አቈጣጠር ከ1960 እስከ 1984 ዓ.ም. ድረስ የሠራው 40 ቍጥር የሚባለው የላንድ ክሩዘር ወገን፤ ከዚያም ውስጥ 45 ቍጥር የሆነው ፒክአፕ፤ በጥንካሬው የተመሰገነ ነው። ነገር ግን አብዛኞቹ የመሪ አጋዥ ሳይኖራቸው የተሠሩ ስለ ሆኑ፤ መኪናው ቀስ ሲል ወይም ሲቆም መሪውን ማዞር እጅግ ያደክማል። ከጎሐ ጽዮን ወደ ዓባይ ድልድይ ወርዶ ወደ ደጀን ለሚወጣ ነጂ፤ በየጠመዝማዛው ክንዱን ሁሉ የሚጠይቅ መሪ ድካም ብቻ ሳይሆን አደጋም ነው። ስለዚህ ብዙ ባለ መኪናዎች ባለሙያዎች ፓወር ስቲሪንግ የሚሉትን አጋዥ ሊያስገጥሙ ይወዳሉ። አሳቡ መልካም ነው፤ ነገር ግን አስቀድሞ ሊታወቅ የሚገባ አንድ ነገር አለ፤ ይኸውም አጋዡ ለመሪው ጕልበት ይጨምርለታል እንጂ ጤና አይጨምርለትም።

1ኛ፤ አሠራሩ

ፍራንሲስ ዴቪስ የሚባል አሜሪካዊ መሐንዲስ በ1926 በዘይት ግፊት የሚታገዝ መሪ ሠርቶ በመኪና ላይ አሳየ። ለሽያጭ በቀረበ የቤት መኪና ላይ ግን መጀመሪያ የተገኘው በ1951 በክራይስለር ኢምፔሪያል ነው።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ሞተሩ በቺንጋ አንድ ፓምፕ ያዞራል፤ ፓምፑም ዘይቱን እየገፋ በጠንካራ ጎማ ቧንቧ ወደ መሪው ሳጥን ይልካል። ነጂው መሪውን ባዞረ ጊዜ በሳጥኑ ውስጥ ያለው ቀጭን ዘንግ ጥቂት ይጠመዘዝና ለዘይቱ በር ይከፍታል። ዘይቱም በተከፈተለት በኩል ገብቶ ነጂው ወደ ፈለገው ወገን ይገፋል። ነጂው እጁን ሲያቀልል በሩ ይመለሳል፤ ግፊቱም ያቆማል። እንግዲህ የሚመራው ሰው ነው፤ ዘይቱ ረዳት ነው።

2ኛ፤ አስቀድሞ አሮጌውን መመርመር

ብዙ ጊዜ መሪን የሚያከብደው የአጋዥ ማጣት ሳይሆን የግራሶ ማጣት ነው። ስለዚህ ገንዘብ ከመውጣቱ በፊት ይህ ፈተና ይደረግ። የፊቱን አክስል በክሪክ አንሥቶ በጠንካራ መቆሚያ ላይ ማሳረፍ፤ በክሪክ ብቻ ከቆመ መኪና ሥር ግን ማንም ሰው አይግባ። ከዚያ መሪውን ከዳር እስከ ዳር ማዞር ነው። ጎማው መሬት ሳይነካ መሪው የሚከብድ ከሆነ፤ ሕመሙ ከውስጥ ነው። ይህንም ለመለየት ዘንጉን ከመሪው ሳጥን አላቅቆ ጎማዎቹን በእጅ ማዞር ይገባል። ጎማዎቹ ከከበዱ የመታጠፊያው ኩሽኔታዎች ደርቀዋል፤ ጎማዎቹ ቀልለው ሳጥኑ ከከበደ ግን ጥፋቱ የሳጥኑ ነው።

ደግሞ መኪናው በመሬት ላይ ቆሞ አንድ ሰው መሪውን ወዲያና ወዲህ ሲነቀንቅ፤ ሌላው የየዘንጉን መጋጠሚያ ይመልከት። የላላ መጋጠሚያ ቢገኝ ይለወጥ። የጎማውም ነፋስ ይለካ፤ የጐደለ ነፋስ መሪን ያከብዳልና። ይህ ሁሉ ተደርጎ መሪው ቀልሎ ቢገኝ፤ ባለ መኪናው ብዙ ወጪ ዳነ ማለት ነው።

ይህን ምርመራ ትቶ አጋዥ የሚያስገጥም ሰው ግን ሕመሙን ሸፈነ እንጂ አላዳነም። ነጂው በክንዱ ያውቀው የነበረውን ክብደት ዘይቱ ይደብቅበታል፤ የላላውም መጋጠሚያ ከቀድሞው የሚበልጥ ጕልበት ይመጣበታል።

3ኛ፤ ዕቃውን ስለ መምረጥ

መሪው በግራ ለሆነ 45 ቍጥር ፒክአፕ ብዙዎች የሚመርጡት በ1980 የወጣውን የ60 ቍጥር ላንድ ክሩዘር የመሪ ሳጥን ነው። ከዚሁ መኪና ፓምፑን፤ የፓምፑን መያዣ ብረት፤ የቺንጋውን መዘውርና የዘይቱን ዕቃ አብሮ መውሰድ ይጠቅማል። ቀደም ያለው ኤፍ ጄ 60 ሞተሩ 2ኤፍ ስለ ሆነ፤ ሞተሩ 2ኤፍ ለሆነ ፒክአፕ የፓምፑ መያዣ ይስማማዋል። የናፍጣ ሞተር ላለው ግን ለራሱ ሞተር የተሠራ መያዣ መፈለግ ግድ ነው።

የሳጥኑ ክንድ የሚዞርበት ወገን ከመኪናው ጋራ መስማማቱ አስቀድሞ ይታይ። ሳጥን ያለ ቦታው ተገልብጦ የተገጠመ እንደ ሆነ መሪው ወደ ቀኝ ሲዞር ጎማው ወደ ግራ ይሄዳል። የዘይቱ ግፊትም ብዙውን ጊዜ በካሬ ሴንቲ ሜትር ከ70 ኪሎ በላይ ስለሚደርስ፤ ከፓምፑ ወደ ሳጥኑ የሚሄደው ቧንቧ ለዚሁ የተሠራ ይሁን። በተራ የውሃ ጎማና በማሰሪያ የተያዘ ቧንቧ ይፈነዳል፤ የፈሰሰውም ዘይት በጋለ ሞተር ላይ ቢወድቅ እሳት ያነሣል።

4ኛ፤ ሻንሲውና ዘንጎቹ

የሥራው ሁሉ መሠረት ይህ ነው። ጎማው በድንጋይ መካከል ሲያዝ ዘይቱ ጎማውን ወደ አንድ ወገን ሲገፋ፤ ሻንሲውን በዚያው ልክ ወደ ሌላው ይገፋዋል። ሳጥኑ በሥሥ ብረት ላይ የታሰረ እንደ ሆነ ሻንሲው በቡሎኖቹ ዙሪያ መሰንጠቅ ይጀምራል። የሻንሲው ውስጥ ባዶ ስለ ሆነ ቡሎኑ ሲጠብቅ ግድግዳው ወደ ውስጥ ይጨመደዳል፤ ቡሎኑም ኋላ ይላላል። ስለዚህ በእያንዳንዱ ቀዳዳ ውስጥ ወፍራም የብረት ቱቦ ገብቶ ይበየድ፤ በውጭም ማጠናከሪያ ብረት ይጨመርበት።

በአሮጌው ሥርዐት ጕልበቱ ከሳጥኑ ተነሥቶ በሻንሲው ፊት መካከል ባለው ክንድ በኩል ወደ ጎማ ይደርስ ነበር። በአዲሱ ይህ የመካከል ክንድ ይወጣና አንድ ዘንግ ከሳጥኑ ክንድ ወደ ቀኙ ጎማ በቀጥታ ይሻገራል። ይህ ዘንግ በልኩ የተሠራ ይሁን እንጂ ሁለት ቍራጭ ጫፍ ለጫፍ ተበይዶ አይቀጠል። ብየዳው በመንገድ ላይ ቢለቅ መኪናው መሪ የለውምና። የየመጋጠሚያው ዳዶም ከጠበቀ በኋላ በመቆለፊያ ሽቦ ይታሰር።

ሳጥኑን ከዘንጉ ከማያያዝ በፊት ከዳር እስከ ዳር ዙሩን ቈጥሮ እኩሌታውን በመመለስ መካከሉን ማግኘት ይገባል። በዚህ ጊዜ የፊት ጎማዎቹ ቀጥ ብለው ይቁሙ። ጎማው በመጨረሻ የሚቆመው በአክስሉ ላይ ባለው ማቆሚያ ይሁን እንጂ በሳጥኑ ውስጥ አይሁን።

5ኛ፤ ዘይት መሙላትና መፈተን

ዘይቱ ለፓምፑ የታዘዘው ዐይነት ይሁን፤ የፍሬን ዘይት ግን ፈጽሞ አይግባበት፤ የጎማ ማሸጊያውን ያበላሻልና። የፊቱ ጎማዎች ከመሬት ተነሥተው፤ ሞተሩ ሳይነሣ መሪው ከዳር እስከ ዳር ቀስ ተብሎ ይዙር፤ የጐደለውም ዘይት ይሞላ። አረፋው ሲጠፋ ሞተሩ ይነሣና እንደ ገና ይዙር። መሪውን እስከ ዳር አዙሮ ከጥቂት ሴኮንድ በላይ መያዝ ፓምፑን ያግለዋል።

በመጨረሻም የጎማዎቹ አቋም ይስተካከል። የፊቱ አክስል መታጠፊያ ከላይ በኩል ጥቂት ወደ ኋላ ካላዘነበለ፤ መሪው ከዞረ በኋላ በራሱ አይመለስም፤ መኪናውም በፍጥነት ሲሄድ ይቅበዘበዛል። በአጋዥ የቀለለ መሪ ይህን ጉድለት አጕልቶ ያሳያል። ባሌስትራው የተለወጠ ወይም ከፍ የተደረገ መኪና በተለይ ይታይ።

6ኛ፤ መኪናውን ከመረከብ በፊት

ኀላፊው ሹም ወይም ባለ መኪናው የሥራውን ዋጋ ከመክፈሉ በፊት እነዚህን ይጠይቅ። የሻንሲው ቱቦዎች ገብተዋልን? መሪው በሁለቱም ወገን እኩል ይዞራልን? ጎማው እስከ ዳር ሲዞርና ባሌስትራው ሲታጠፍ ቧንቧውን የሚነካው ነገር አለን? ከጥቂት ቀን ጕዞ በኋላ ቡሎኖቹ ዳግመኛ ይጥበቁ፤ የሻንሲውም ዙሪያ ተጠርጎ ስንጥቅ እንዳለ ይታይ።

ነጂውም ይህን ይወቅ፤ ሞተሩ ከጠፋ ወይም ቺንጋው ከተበጠሰ መሪው ይዞራል፤ ነገር ግን እጅግ ይከብዳል። ስለዚህ ነዳጅ ለመቈጠብ ብሎ ሞተር አጥፍቶ ቍልቍለት መውረድ ክልክል መሆኑ በጥብቅ ይነገረው። ባዶ ሜዳ ላይ ሞተሩን አጥፍቶ በዝግታ ሲንከባለል መሪውን ይሞክረው፤ ክብደቱን አስቀድሞ ያወቀ በገደል አፋፍ አይደነግጥምና።

እንግዲህ ሥርዐቱ ይህ ነው፤ መጀመሪያ ማዳን፤ ቀጥሎ ሻንሲውን ማጠንከር፤ በመጨረሻ ጕልበት መጨመር። ይህን ተራ የጠበቀ መኪና ለብዙ ዘመን ያገለግላል። ተራውን ያፋለሰ ግን የነጂውን ክንድ አሳርፎ የተሳፋሪዎችን ሕይወት ይከፍልበታል።