የእንጅባራ ፔንዱለምና የተቀዳው መመሪያ

ስለ ኢንፎርሜሽን ቴክኖሎጂ ሥነ ምግባር ሲነሣ ጣት የሚቀሰረው ዘወትር በተማሪው ላይ ነው። በዚህ ጽሑፍ ግን የምመለከተው መምህሩን፣ ከመምህራንም መካከል ራሴን ነው። ለዚህም አንድ ቀላል ሙከራ ይበቃኛል።

የአዊ ዞን ርዕሰ ከተማ እንጅባራ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,500 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ትገኛለች። በዚያ ከተማ ትንሽ የብረት ኳስ በክር አንጠልጥላችሁ፣ ከክሩ ጫፍ እስከ ኳሱ እምብርት ልክ 1 ሜትር አድርጋችሁ በጠባብ ማዕዘን 100 ጊዜ ብታወዛውዙት፣ የሚፈጀው ጊዜ 200.9 ሰከንድ ያህል ነው። በአውሮፓ የተዘጋጁ መጻሕፍት የመሬት ስበት ፍጥንጥነትን 9.81 ሜትር በሰከንድ ካሬ ይሉታል፤ በዚህ ቢሰላ ጊዜው 200.6 ሰከንድ ይሆን ነበር። ልዩነቱ የሚመጣው እኛ ለምድር ወገብ ከመቅረባችንና ከፍ ብለን ከመኖራችን ነው፤ በእንጅባራ ትክክለኛው ዋጋ ወደ 9.78 ይጠጋል። የ0.3 ሰከንድ ልዩነት ርዝመቱ በጥንቃቄ ከተለካና ሙከራው ከተደጋገመ በእጅ ሰዓትም ሊታይ ይችላል። (ዳንግላ ከእንጅባራ በ400 ሜትር ያህል ዝቅ ትላለች፤ በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ግን በ100 ውዝዋዜ ከአንድ መቶኛ ሰከንድ ብዙም አይርቅም። በእጅ ሰዓት ይህን ለካሁ የሚል ሪፖርት ከደረሳችሁ የመጀመሪያውን የልኬት ወረቀት ጠይቁ።)

ማስተማር በጀመርኩበት ዘመን፣ በሌላ ደጋ ከተማ፣ አንድ የውጭ አገር የላቦራቶሪ መመሪያ ከኢንተርኔት አወረድሁ። የአዘጋጁን ስም አጥፍቼ የራሴን ጻፍሁበት። በመጨረሻው ገጽ ላይ ትክክለኛው መልስ 9.81 እንደሆነ፣ ከዚያ የራቀ ተማሪም ነጥብ እንደሚቀነስበት ተጽፎ ነበር፤ ይህንንም እንዳለ አስቀረሁት። ተማሪዎቹ በኤክሴል የተሠሩ ያማሩ ሰንጠረዦችን አመጡልኝ፤ ሁሉም 9.81! አንድ ልጅ ብቻ 9.77 አመጣ። ነጥቡን ቀነስሁበት። ለሌሎቹ ቁጥር ማስተካከልን ያስተማርኋቸው እኔ እንደሆንሁ የገባኝ ከዓመታት በኋላ ነው።

ሕጉ በዚህ ላይ ዝም አላለም። የቅጅና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ለማስተማር ሲባል ከታተመ ሥራ ተገቢ በሆነ መጠን መውሰድን ይፈቅዳል፤ ምንጩና የደራሲው ስም ግን ሊጠቀስ ይገባል። ስም መጥቀስ ደግሞ ከአክብሮት ያለፈ ጥቅም አለው፤ መመሪያው በየትኛው አገር እንደተዘጋጀ ተጽፎበት ቢሆን ኖሮ፣ ከተማሪዎቼ አንዱ 9.81 የማን ቁጥር እንደሆነ ይጠይቀኝ ነበር።

የተስተካከለ ቁጥር እስከ የት እንደሚያደርስ የጃን ሄንድሪክ ሾን ታሪክ ያሳያል። ይህ የቤል ላብስ ተመራማሪ በታላላቅ መጽሔቶች ዝናን ያተረፈ ሰው ነበር። ሌሎች ፊዚሲስቶች ግን በተለያዩ ሙከራዎች ተገኙ በተባሉ ግራፎቹ ላይ አንድ ዓይነት የልኬት መንቀጥቀጥ አዩ። መንቀጥቀጥ ደግሞ የዕጣ ነገር ስለሆነ ራሱን አይደግምም። የመጀመሪያው መረጃ የት እንዳለ ሲጠየቅ፣ ኮምፒውተሩ ቦታ ስለጠበበው እንዳጠፋው ተናገረ። በ2002 እ.ኤ.አ. አጣሪው ኮሚቴ ጥፋተኛ አለው፣ ከሥራውም ተባረረ።

በእኛ ዘንድ የመጽሔት ክፍያ አለመቻል ለሁሉም ነገር ማመካኛ ሆኗል። ሆኖም ከ1991 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አርካይቭ የተባለው ማኅደር የፊዚክስ ጽሑፎችን ለማንም በነፃ ያቀርባል። የተማሪዎችን ስምና ውጤት በቴሌግራም መለጠፍም እንደ ቀላል ሲታይ ቆይቷል፤ ዛሬ ግን የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 አለ። ያልታተመ የተማሪ ጥናትን አርምልኝ ብሎ ለሰው ሠራሽ አስተውሎት ፕሮግራም መስጠትም ከዚሁ የሚመደብ ይመስለኛል፤ ሥራው የመምህሩ አይደለምና።

አሁን የማድለው መመሪያ የመጀመሪያውን አዘጋጅ ስም ይዟል። የትክክለኛው መልስ ሣጥን ባዶ ነው፤ በምትኩ የከተማው ስምና ከፍታ የሚጻፍበት መስመር ገብቷል፣ በእጅ የተጻፈው የልኬት ወረቀትም አብሮ ይያያዛል። ባለፈው ጊዜ ከደረሱኝ ሪፖርቶች መካከል 9.81 ያመጣ አልነበረም፤ ከ9.74 እስከ 9.83 ተበታትነው ነበር።