እውነትና ምስጢር በሥራ ቃለ መጠይቅ



በዚህ እትም የምንመለከተው ጉዳይ በመጀመሪያ ሲታይ የመንፈሳዊ መጽሔት ጉዳይ ላይመስል ይችላል። ይኸውም ሥራ ፈላጊ ክርስቲያን በቀጣሪዎች ፊት ቀርቦ ሲጠየቅ የትኛውን መናገር፣ የትኛውን ደግሞ በልቡ መያዝ እንደሚገባው ነው። ነገር ግን ከሉማሜና ከአካባቢዋ ወደ ደብረ ማርቆስ፣ ወደ ባሕር ዳር፣ ወይም የዓባይን በረሃ ተሻግረው ወደ አዲስ አበባ ለቃለ መጠይቅ የሚሄዱ ወጣቶች ወደ ካህን ይዘውት የሚመጡት ጥያቄ በአብዛኛው የኅሊና ጥያቄ ነው። «አባ፣ እውነቱን ከተናገርሁ ሥራው ያመልጠኛል፤ ከዋሸሁ ኃጢአት ነው፤ ታዲያ ምን ልበል?» ይላሉ። ጠያቂዎቹ ከመዋሸትና ሁሉን ዘርግፎ ከመናገር በቀር ሌላ መንገድ ያለ አይመስላቸውም። ቤተ ክርስቲያን ግን ከጥንት ጀምሮ በሁለቱ መካከል ያለውን ሰፊ ቦታ ታውቀዋለች።

መዋሸትና አለመናገር

ቅዱስ አውግስጢኖስ ስለ ሐሰት ሁለት መጻሕፍት ጽፏል፤ የመጀመሪያውን እ.ኤ.አ. በ395 ገደማ፣ ሁለተኛውን በ420 ገደማ። በሁለቱም ውስጥ ለመልካም ዓላማ እንኳ ቢሆን መዋሸት እንደማይገባ አጥብቆ ያስተምራል። ይሁን እንጂ ይኸው ጥብቅ መምህር እውነትን መሰወርና ሐሰትን መናገር የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን ተቀብሏል። እ.ኤ.አ. በ1992 የወጣው የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ትምህርተ ክርስቶስም በቍጥር 2488 እና 2489 ይህንኑ ያብራራል፤ እውነትን የመስማት መብት ገደብ የሌለው መብት አይደለም፣ የማወቅ መብት ለሌለው ሰውም እውነትን የመግለጥ ግዴታ በማንም ላይ የለም።

በቅዱሳት መጻሕፍትም ምሳሌው ብዙ ነው። ነቢዩ ሳሙኤል ዳዊትን ሊቀባ ወደ ቤተ ልሔም በወረደ ጊዜ፣ እግዚአብሔር መሥዋዕት ሊያቀርብ መምጣቱን ብቻ እንዲናገር አዘዘው፤ መሥዋዕቱም በእርግጥ ቀርቧል። ጌታችን የካህናት አለቆች ስለ ሥልጣኑ ሲጠይቁት በጥያቄ መለሰላቸው፤ በሄሮድስ ፊት ደግሞ ብዙ ተጠይቆ አንድም አልመለሰም። ለአገራችን አባ ሰላማን ጳጳስ አድርጎ የላከው ቅዱስ አትናቴዎስም በንጉሥ ዩልያኖስ ዘመን በዓባይ ወንዝ ላይ ሲያሳድዱት ታንኳውን መልሶ አሳዳጆቹን ፊት ለፊት እንደ ገጠማቸውና አትናቴዎስ የት እንዳለ ሲጠይቁ ሩቅ እንዳልሆነ እንደ ተነገራቸው ይተረካል። የተነገራቸው ቃል እውነት ነበር፤ ቢያስተውሉ ይደርሱበት ነበር።

እዚህ ላይ የጎጃም ልጅ የሆነ አንባቢ ፈገግ ይል ይሆናል፤ ነገሩ ከቅኔ ቤት የተለየ አይመስለውምና። በዲማና በዋሸራ፣ በጎንጅም ጭምር ሲነገር የኖረው የሰምና ወርቅ ጥበብ አንዱን ቃል ለሁለት ፍቺ ማዋልን ያስተምራል። ሆኖም ጥንቃቄ ያሻል። የቅኔ ሰሚ ከሰሙ ሥር ወርቅ እንዳለ አስቀድሞ ያውቃል፤ ይፈልጋል፣ ሲያገኝም ይደሰታል። የቃለ መጠይቅ ሰሚ ግን ቃሉን እንደ ተነገረው አድርጎ ይቀበላል። ለእርሱ ቁልፍ የሌለውን ድብቅ ፍቺ በልብ አስቀርቶ መናገር፣ ለምሳሌ «በዚያ ድርጅት ሁለት ዓመት ሠርቻለሁ» ብሎ በልቡ «በዘበኛው ቤት እየተጠለልሁ» ማለት፣ ከውሸት አይለይም። ር.ሊ.ጳ. ኢኖሰንት 11ኛ እ.ኤ.አ. በ1679 ያወገዙት እንዲህ ያለውን በልብ የሚቀር ቃል ነበር።

ሳይጠየቁ እንኳ መናገር የሚገባ ነገር

ታዲያ ቀጣሪ የማወቅ መብት ያለው ምኑን ነው? ቅዱስ ቶማስ ዘአኩይኖ ስለ መሸጥና መግዛት ሲያስተምር፣ ሻጭ የዕቃውን ስውር ጉድለት፣ ገዢውን ለአደጋ ወይም ለኪሳራ የሚያደርስ ከሆነ፣ ሳይጠየቅም የመናገር ግዴታ አለበት ይላል። ይህን ለማስረዳት ከሉማሜ ገበያ ርቆ መሄድ አያስፈልግም። ተዋጊ በሬን እያወቀ ዝም ብሎ የሚሸጥ ገበሬ፣ ገዢው ስላልጠየቀው ብቻ ከበደል ነጻ አይሆንም። የበሬው ቀንድ አንድ ወገን ማጠሩን ግን መናገር አይጠበቅበትም፤ ይታያልና።

የሥራ ውልም ውል ነው። ዐይኑ የደከመ ወይም የሚጥል በሽታ ያለበት ሰው ለሾፌርነት ሲወዳደር ዝም ማለት አይችልም፤ የተሳፋሪው ሕይወት አለበትና። ይኸው ሰው ለጽሕፈት ሥራ ቢወዳደር ግን ሕመሙ የራሱና የሐኪሙ ጉዳይ ነው። የትምህርት ማስረጃ፣ የሥራ ልምድ፣ ከቀድሞ ቀጣሪ ጋር የተለያየበት ሥራ ነክ ምክንያት፣ ክሊራንስ፣ ተያዥ፤ እነዚህ ሁሉ ቀጣሪው በመብቱ የሚጠይቃቸው ናቸው። በእነርሱ ላይ መሸፋፈን የለም።

የተጭበረበረ የሥራ ልምድ ወረቀት ይዞ ስለ መቅረብ አንድ የጥንት ታሪክ ላንሣ። እ.ኤ.አ. በ250 ንጉሠ ነገሥት ዴክዮስ ለጣዖት መሠዋትን አዝዞ፣ ለሠዋ ሁሉ የምስክር ወረቀት ይሰጥ ነበር። አንዳንድ ክርስቲያኖች ሳይሠዉ ወረቀቱን ብቻ በገንዘብ ገዙ። እጃቸው አልሠዋም፤ ወረቀቱ ግን ሠውተዋል ይላል። በቅዱስ ቆጵርያኖስ ዘመን የነበረችው ቤተ ክርስቲያን ጥፋታቸውን ከሠዉት ቢያቀልለውም ንስሐ እንዲገቡ አድርጋለች። ወረቀት ይናገራል፤ ያቀረበው ሰውም ተናግሯል ማለት ነው።

የጥያቄው ሰምና ወርቅ

የወጣቶቻችን ትልቁ ጭንቀት ግን መብት የሌላቸው ጥያቄዎች ናቸው። «አግብተሻል? ለመውለድ ታስቢያለሽ?» «ሃይማኖትህ ምንድን ነው?» «ብሔርህስ?»

በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቍጥር 1156 በአንቀጽ 14 በብሔር፣ በጾታ፣ በሃይማኖት፣ በፖለቲካ አመለካከት፣ በኤች.አይ.ቪ. ወይም በአካል ጉዳት ምክንያት በሠራተኞች መካከል ልዩነት ማድረግን ይከለክላል። አንቀጽ 87 ደግሞ ሴቶች በሥራ ቅጥር ረገድ በጾታቸው ምክንያት ልዩነት እንዳይደረግባቸው ይደነግጋል። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቍጥር 1321ም የዘር ምንጭን፣ የሃይማኖት እምነትንና የጤና ሁኔታን የተለየ ጥንቃቄ ከሚያሻቸው መረጃዎች ይቈጥራቸዋል። ይህን ማወቅ መልካም ነው። ነገር ግን በፈታኞች ፊት አዋጅ በቍጥር እየጠቀሱ መከራከር ሥራ እንደማያስገኝ ማንም ይረዳል።

ከዚህ የሚሻለው፣ ከላይ ለመልስ የከለከልነውን ጥበብ ለጥያቄው ማዋል ነው። ጥያቄም ሰምና ወርቅ አለው። «አግብተሻል?» የሚለው ሰም ነው፤ ወርቁ ብዙ ጊዜ «ሥራው ላይ ትቈያለሽ ወይ?» የሚል ሥጋት ነው። ሠራተኛዋ ብትወልድ ሕጉ ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 90 ቀን ከደመወዝ ጋር ፈቃድ ስለሚሰጣት ቀጣሪው ወጪውን ያሰላል። ስለዚህ ሰሙን ትታ ለወርቁ ትመልስ፦ «ጥያቄዎ ስለ መስክ ሥራው ከሆነ፣ በወር ስንት ቀን እንደሚያስወጣ ቢነግሩኝ መቻል አለመቻሌን በግልጽ እነግርዎታለሁ። የቤቴን ጉዳይ ግን ከሥራው ለይቼ ብይዘው ደስ ይለኛል።» ይህ መልስ ጨዋ ነው፣ ሐሰትም የለበትም። አንድ ነገር ብቻ ትጠንቀቅ፦ የማትችለውን «እችላለሁ» አትበል። ነፍሰ ጡር ሆና በሚቀጥለው ወር ሩቅ መስክ እንደምትወጣ ቃል ብትሰጥ፣ ስለ እርግዝናዋ ዝም በማለቷ ሳይሆን በሰጠችው ቃል ዋሽታለች።

ስለ ሃይማኖት የሚቀርበው ጥያቄ ከሌሎቹ ይለያል። እምነታችንን በየቦታው የማወጅ ግዴታ የለብንም፤ መካድ ግን ፈጽሞ አይፈቀድም። «በሥራ ሰዓት ለመጣው ሁሉ ያለ ልዩነት አገለግላለሁ» ማለት ይቻላል። ጠያቂው ደግሞ አጥብቆ «ካቶሊክ ነህ ወይ?» ካለ መልሱ «አዎን» ነው፤ በዚህ በጎጃም ቍጥራችን ጥቂት መሆኑም መልሱን አይለውጠውም።

ስለ ብሔር ሲጠየቅ ደግሞ የአገራችንን ልማድ ማስተዋል ይገባል። «የየት አገር ሰው ነህ?» ብሎ መጠየቅ በእኛ ዘንድ የሰላምታ ያህል ነው፤ ሁልጊዜ ክፋት አለበት ብሎ መጠራጠር አይገባም። «ተወልጄ ያደግሁት ሉማሜ ነው» ማለት በቂ ነው። አነጋገርን ለመለወጥ መጣር፣ የትውልድ ስፍራን መቀየር፣ የአባትን ስም ማጠፍ ግን ነፍስንም ይጎዳል፤ እንዲህ ብሎ የተቀጠረ ሰው በሥራው በቈየ ቁጥር ውሸቱን ሲጠብቅ ይኖራልና።

ከዚሁ ጋር የተያያዘ፣ በዚህ ዘመን የሚበዛ ጥያቄ አለ፦ «ይህን ያህል ጊዜ ያለ ሥራ የቈየኸው ለምንድን ነው?» ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ በክልላችን በተነሣው ግጭት ትምህርቱ የተቋረጠበት፣ ሥራው የተዘጋበት፣ መንገድ ተዘግቶበት ፈተና ያመለጠው ወጣት ጥቂት አይደለም። ይህን ለመናገር ማፈር አያስፈልግም። «በአካባቢያችን በነበረው ሁኔታ ሥራ አልነበረም፤ በዚያ ጊዜ ቤተሰቤን በእርሻ ረዳሁ፣ ልጆች አስጠናሁ» ብሎ የሠራውን መቍጠር ይበቃል። ማን ምን እንዳደረገ፣ የትኛው ወገን እንደ በደለ፣ ዘመድ የት እንዳለ ግን ለቀጣሪ የሚነገር አይደለም፤ በአንድ ቃል ሌላ ሰው ሊጎዳ ይችላልና። የመውጫ ፈተናውም እንዲሁ ነው። ይህ ፈተና በ2015 ዓ.ም. ከተጀመረ ወዲህ በሁለተኛው ዙር ያለፈ ተመራቂ የመጀመሪያውን ውድቀቱን ቀድሞ ማውራት አይጠበቅበትም፤ «በስንተኛው አለፍህ?» ከተባለ ግን «በሁለተኛው» ይላል። ያለፈው ያው አንድ ፈተና ነው።

ስለ ደመወዝ ባጭሩ፦ የቀድሞውን አለመናገር ይቻላል፣ ጨምሮ መናገር ግን አይቻልም።

የንስሐ አባትና ፈታኝ

«ድክመትህ ምንድን ነው?» ለሚለው ጥያቄ ልጆቻችን በሁለት ዓይነት ይሰናከላሉ። ገሚሱ «ምንም የለብኝም» ይላል፤ ይህንንስ ማንም አያምነውም። ገሚሱ ደግሞ በደንብ ኑዛዜ ተምሯልና፣ ቍጡነቱንም ስንፍናውንም ከእናቱ ጋር መጣላቱንም ዘርዝሮ ይጨርሳል። ፈታኙ የንስሐ አባት አይደለም፤ የሚፈታውም ኃጢአት የለም። ከሥራው ጋር የሚያያዝ አንድ እውነተኛ ጉድለትን ከሚደረግለት ጥረት ጋር መናገር ይበቃል፦ «በብዙ ሰው ፊት ስናገር እፈራለሁ፤ አሁን በቁምስናችን ንባብ እያነበብሁ እየለመድሁ ነው።»

የእኛን አካባቢ ሰው ከሁሉ በላይ የሚጎዳው ግን ይሉኝታ ይመስለኛል። ዐይኑን ወደ መሬት ጥሎ፣ በሁለት ቃል መልሶ፣ የሚያውቀውን «ትንሽ ትንሽ እሞክራለሁ» ይላል። ይህን ትሕትና አድርገን አስተምረነው ይሆናል። ቅዱስ ቶማስ ግን ከእውነተኛነት ተቃራኒ የሆኑ ሁለት ጥፋቶችን ጎን ለጎን ያስቀምጣል፤ አንዱ ራስን ከፍ አድርጎ መናገር፣ ሌላው ያለውን ጸጋ ክዶ ራስን በሐሰት ማሳነስ ነው። አምስት ዓመት ሒሳብ የያዘች ሴት «ሒሳብ ይዤ አውቃለሁ፤ በዓመት መዝጊያም ሳይጎድል አስረክቤአለሁ» ብትል ትዕቢት አይደለም። መክሊቱን የቀበረው አገልጋይ የተወቀሰው ስለ ትዕቢቱ እንዳልነበረ የምታስተምሩት እናንተው ናችሁ።

ለትምህርተ ክርስቶስ መምህራን የምመክረው፣ ከወጣቶች ጋር በምትሰበሰቡበት ዕለት ሁለቱን ፈታኝ፣ አንዱን ተፈታኝ አድርጋችሁ ጮክ ብለው እንዲለማመዱ ነው። ጨዋ እምቢታ በአፍ ካልተለማመዱት በጭንቅ ሰዓት አይመጣም። ከዚያም አንድ ነገር አትደብቋቸው፦ ለአላስፈላጊ ጥያቄ በጨዋነት አልመልስም ያለ ሰው ሥራው ሊያመልጠው ይችላል። ሕጉ ቢኖርም፣ መልሱ መልካም ቢሆንም፣ ፈታኙ ሊቀየም ይችላል። የሚራብ ቤተሰብ ያለው ወጣት ስለዚህ መብቱን ትቶ ስለ ግል ሕይወቱ እውነቱን ለመናገር ቢመርጥ አልበደለም፤ ዝምታ መብቱ እንጂ ግዴታው አይደለምና። የሌላ ሰው ምስጢር ሲሆን ግን ይህ ምርጫ የለውም።

በመጨረሻም ቃሌን ከተጠያቂው ወደ ጠያቂው ላዙር። ከአንባብያን መካከል በትምህርት ቤቶቻችን፣ በክሊኒኮቻችንና በልማት ጽሕፈት ቤቶቻችን በፈታኝ ወንበር የሚቀመጡ አሉ። በቤተ ክርስቲያን ስም ሲጠይቁ፣ ጥያቄያቸው የእርሷ ጥያቄ ተደርጎ ይሰማል። የትምህርተ ክርስቶስ መምህር ስንቀጥር ስለ እምነቱና ስለ ምሥጢራት ሕይወቱ መጠየቅ ተገቢ ነው፤ ሥራው ይኸው ነውና። የጥበቃ ሠራተኛን ወይም የሒሳብ መምህርትን ስንቀጥር ግን «መቼ ቈረብሽ?» «ባልሽ ለምን ተለየሽ?» ማለት መድረሻችን አይደለም። ጥያቄዎቹ ከማስታወቂያው ጋር ተዘጋጅተው በጽሑፍ ይቀመጡ፤ ለሁሉም ተወዳዳሪ አንድ ዓይነት ይሁኑ። በየመዝገብ ቤታችን የሚገኙ የቈዩ የማመልከቻ ቅጾችም ይታዩ፤ ከሥራው ጋር ግንኙነት የሌለው የብሔር ወይም የትዳር ዓምድ ካለባቸው፣ ከሚቀጥለው ቅጥር በፊት ዓምዱ ይውጣ።